የአርማንያ አማርኛ በፌርፋክስ ጎዳና

በሎስ አንጀለስ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ ቡሌቫርዶች መካከል ባለችው የፌርፋክስ ጎዳና ቁራጭ ላይ ቡና የሚጠጣ ሐበሻ ስሙን ከመናገሩ በፊት አገሩ ይታወቅበታል። አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር መናገሩ በቂ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ዞር ብሎ «የጎጃም ልጅ ነህ እንዴ?» ይለዋል። «ሄድሁ» ያለው አንድ ቦታ ይመደባል፣ «ሄድኩ» ያለው ሌላ ቦታ። «አብሽር» ያለውን ወሎዬ ነው ይሉታል፤ በየመሀሉ «አቦ» የሚለውን ድሬዳዋ ይሰዱታል። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በአንድ ስም ጠራው፤ የሰፈሩ ጆሮ ግን ከአንድ በላይ አገር ይሰማል።

ይህ ጆሮ መጽሐፍ ሲከፈትም አብሮ ይከፈታል። አንባቢ የአንድን ገጸ ባሕርይ ንግግር አንብቦ «ይሄ የገጠር ሰው ነው»፣ «ይቺ የሸዋ ወይዘሮ ናት» ብሎ ይመድባል፤ ከመደበ በኋላም ዘዬው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ የሚጻፉ አስተያየቶችም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይቆማሉ። «የአካባቢውን አነጋገር በሚገባ ተጠቅሟል» ተብሎ ይመሰገናል፤ ወይም «ቋንቋው ከበደን» ተብሎ ይወቀሳል። በሁለቱም መንገድ ዘዬ እንደ ጌጥ ተቆጥሯል። በምርጦቹ ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ግን ዘዬ ሰው ከየት እንደመጣ ከመናገር ያለፈ ሥራ አለው። ሰውየው በማን ፊት አንደበቱን እንደሚለውጥ፣ በማን ፊት ለመለወጥ እንቢ እንደሚል ያሳያል። ባሕርይ የሚገለጠውም በዚህ መለወጥና አለመለወጥ ላይ ነው።

ይህን ለማየት በመጀመሪያ ፊደላችን ምን መያዝ እንደሚችል ማሰብ ይጠቅማል። የቋንቋ አጥኚዎች የአማርኛን ዘዬዎች አብዛኛውን ጊዜ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ እያሉ ይከፍሏቸዋል፤ ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ልዩነቶቹን በዝርዝር አቅርቧቸዋል። ከእነዚህ ልዩነቶች አንዳንዶቹን ፊደል በቀላሉ ይይዛቸዋል። የሰሜን ሸዋና የወሎ ሰው «ከ»ን አላልቶ «ኸ» ሲል መጻፍ ይቻላል። ዜማውን፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚያነሣና የት ላይ እንደሚጎትት ግን ፊደል አይጽፍም። ጥብቀትና ላልቶት እንኳ ምልክት ስለሌላቸው «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው ከዐውዱ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ደራሲ ዘዬን ለማስገባት ሲፈልግ ድምፅን ከመቅዳት ይልቅ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል፤ ወደ ቃል ምርጫ፣ ወደ መሐላ፣ ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ከሁሉም በላይ ወደ አክብሮት አጠራር። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፤ አያ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ እሜቴ፣ የኔታ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ አፉን በከፈተ ቁጥር ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ምርጫው የተወለደበትን አገርም፣ የቆመበትን ደረጃም፣ የልቡንም ነገር ባንድ ላይ ይናገራል።

የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ለብዙ አንባቢ የጎጃም መጽሐፍ ሆኖ ተነበበ፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው። ማንኩሳ፣ ዲማ፣ የቅኔ ቤት፣ የደጀ ሰላም ወሬ፣ የመኳንንት አዳራሽ። ደራሲውም የጎጃም ሰው ናቸው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ። ይሁንና አንድ ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጎጃሜነት ማንንም ከማንም አይለይም። ፊታውራሪ መሸሻም ጎጃሜ ናቸው፣ ቦጋለ መብራቱም ጎጃሜ ነው፣ ጉዱ ካሳም፣ ሰብለ ወንጌልም፣ በዛብህም፣ ሽፍታው አበጀ በለውም። ዘዬ የትውልድ ቦታ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው በሆኑ ነበር። ልዩነቱ ያለው በአንድ አገር ልጆች መካከል በተዘረጋው የአጠራር መሰላል ላይ ነው።

በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተገናኙበትን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። እሱ የድኻ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት። እሷ የፊታውራሪ ልጅ ናት። እሱ መምህር ነው፣ እሷ ተማሪ። በትውልድ ሚዛን እሷ ትበልጣለች፣ በትምህርት ሚዛን እሱ። በሌላ ቋንቋ ቢሆን ሁለት ወጣቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን የመጀመሪያውን ግሥ ከመናገራቸው በፊት ሰዋስው ራሱ «ከሁለታችሁ የሚከበረው ማነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ፍቅራቸው የሚያድገው ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ በሌለበት ቦታ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው አዲስ አጠራር ሲያበጁ ቤቱ ሁሉ የቆመበትን መሰላል ነቀነቁት ማለት ነው። መጽሐፉን ደግሞ የሚያነብ ሰው የፍቅር ቃላቱን ትቶ ተውላጠ ስሞቹንና የግሥ ዝርዝሮቹን ብቻ ተከትሎ ቢሄድ የታሪኩን አጥንት ያገኘዋል።

የፊታውራሪ መሸሻ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሳቸው አንደበታቸውን አይለውጡም፤ የዘር ቆጠራቸው በግሣቸው ውስጥ ነው ያለው። ተራኪውም ወጉን ጠብቆ በአክብሮት ይተርክላቸዋል። የመጽሐፉ ረቂቅ ቀልድ የሚገኘው እዚህ ነው። ፊታውራሪው ከገበሬው የማይገባ ግብር ጠይቀው፣ ተዋግተው፣ ተሸንፈው፣ በአበጀ በለው እጅ ወድቀው እንኳ ሰዋስው «እሳቸው» ማለቱን አይተውም። ክብሩ ከሰውየው ላይ ወድቋል፣ ከግሡ ላይ ግን አልወደቀም። ደራሲው አንድም የሽሙጥ ቃል ሳይጨምሩ፣ የአክብሮት ቋንቋ ባዶ ዕቃ ሆኖ ሲንኳኳ አሰምተዋል። በስድብ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አንባቢ በፊታውራሪው ይሥቅ ነበር፤ በአክብሮት ስለተጻፈ ግን የሚሥቀው በአክብሮቱ ነው።

ጉዱ ካሳ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ካሳ ዳምጤ የሚለው ስሙ በሰዉ አፍ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ተጨምሮበታል፤ ስሙ ራሱ የአገሩ ሰው ንግግር ሥራ ነው። እሱ የመሰላሉን ሕግ ያውቀዋል፤ ያውቀዋልና ነው የሚጥሰው። የቅኔ አገር የሆነው ጎጃም የሰጠውን አንደበት፣ ነገርን በነገር ማሳበርን፣ ምሳሌን፣ አግቦን፣ ያንኑ አገር ለመውቀስ ያዞረዋል። እብድ ለመባል የበቃው የማይገባ ቋንቋ ስለተናገረ አይደለም። በጣም በሚገባቸው ቋንቋ ስለተናገረ ነው። በባዕድ አነጋገር ቢናገር ኖሮ «ባዕድ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ በግማሽ ድምፅ ያለ ነገር ነው። ሌላውን ግማሽ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሰጠው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የእሱ የሬዲዮ ትረካ ፊደል የማይጽፈውን ጻፈ፤ የፊታውራሪውን ጉሮሮ፣ የጉዱ ካሳን ዝምታ፣ የሰብለን ትንፋሽ። ዛሬ በሎስ አንጀለስ የመኪና መንገዶች ላይ ይህንኑ ትረካ በስልካቸው እየሰሙ የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱም መካከል መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ይገኛሉ። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ይጠፋል። ሰሚው የተሰጠውን ድምፅ ይቀበላል፤ አንባቢ ግን ድምፁን ራሱ መሥራት አለበት። ድምፁን ለመሥራት ደግሞ ማን ለማን ዝቅ እንዳለ ማየት ግድ ይለዋል።

እንግዲህ ዘዬን በወረቀት ላይ ማስፈር ራሱ አደገኛ ሥራ መሆኑን ከሌላ አገር መማር ይቻላል። ማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን»ን ሲያወጣ ብዙ ዘዬዎችን በጥንቃቄ እንደተጠቀመ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አስታውቆ ነበር። ያም ሆኖ የጥቁሩ የጂም አነጋገር ሰብአዊነቱን ገለጠ ወይስ መሣቂያ አደረገው የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ1937 ዞራ ኒል ኸርስተን የፍሎሪዳ ጥቁሮችን አነጋገር በልብ ወለዷ ሙሉ ጌትነት ስትሰጠው፣ ሌላው ታላቅ ጥቁር ደራሲ ሪቻርድ ራይት ነጮችን ለማሣቅ የሚደረግ ትርኢት ቀጠለች ብሎ ከሰሳት። እሷ ግን ጥቁሮች ራሳቸውን በሚያስተዳድሩባት በኢተንቪል ከተማ ያደገች፣ የሰው ባህል ያጠናች ሰው ነበረች፤ የጻፈችው በጆሮዋ የምታውቀውን ነው። ክርክሩ የነበረው ዘዬው ትክክል ነው አይደለም በሚል አልነበረም። ዘዬውን የሚያነበው ማነው፣ ሲያነበውስ ከማን ጋር ሆኖ ይሥቃል የሚል ነበር።

የእኛም ችግር ከዚህ አይርቅም። በአማርኛ ቀልድና ተውኔት ባላገር የሚናገርበት አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። የየትም አገር ድምፅ አይደለም፤ ከጎጃምም ከወሎም ከመንዝም ተቆንጥሮ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ነው። ያ ድምፅ ሲሰማ ተመልካቹ ገና ነገሩን ሳይሰማ ይሥቃል። ፌርፋክስ ላይም፣ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኢትዮጵያውያን በሚሰበሰቡበትም፣ ስለ ባላገር የሚቀልድ ሰው ይህንኑ ድምፅ ያወጣል። የአዲስ አበባ አማርኛ ዘዬ የሌለው፣ ዘዬ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ጉድለት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ የውቤ በረሃን ሌሊት ሲጽፍ ይህን ሐሰት አጋልጦታል። የከተማም አፍ የራሱ ቀበልኛ፣ የራሱ ድብብቆሽ፣ የራሱ መሰላል አለው። «ሄድኩ»ም እንደ «ሄድሁ» ከአንድ ቦታ የመጣ ቃል ነው።

በዚህ መሣቂያ ድምፅ ላይ ከተነሡት መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ደፋሩ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልብ ወለድ የሚካሄደው በደብረ ሲናና በአርማንያ፣ ደራሲው በሚያውቀው የሰሜን ሸዋ ተራራና ቆላ ነው። ዋናው ሰው አደፍርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በዚያ ዘመን ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ በሚደረግበት ሥርዓት ወደ ደብረ ሲና ይመጣል። እዚያ የአርማንያዋን ባለርስት ወይዘሮ አሰጋሽንና ልጃቸውን ጺወኔን፣ ካህናቱን፣ ገበሬዎቹን ያገኛል። ያገኛቸዋል ማለት ይከራከራቸዋል ማለት ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ውሳኔ የእነዚህን ሰዎች ንግግር በአካባቢው አፍ መጻፍ ነው፤ ለመሣቂያ ሳይሆን በሙሉ ክብደቱ። ብዙ አንባቢ «ከበደኝ» ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱ ግን የሚሠራው ሥራ አለ። አደፍርስ ከትምህርት ቤት ያመጣው አማርኛ የሐሳብ አማርኛ ነው፤ በ«-ነት» የሚጨርሱ ስሞች የበዙበት፣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀዳ አስተሳሰብ የሚሸከም፣ ረጅም። ሰዎቹ ደግሞ የሚናገሩት የዕቃ፣ የእርሻ፣ የዝምድና፣ የመሐላ አማርኛ ነው። አንባቢው መጀመሪያ ላይ ከአደፍርስ ጋር ይቆማል፤ ቋንቋው ይገባዋላ። ቀስ በቀስ ግን ሚዛኑ ይዞራል። የአርማንያ ሰዎች ካህን ሲመጣ አንድ አንደበት፣ ዳኛ ሲመጣ ሌላ፣ ልጅ ሲቆጡ ሌላ፣ ሐዘን ላይ ሌላ አላቸው። አደፍርስ ግን የሚናገርበትን መንገድ ከሰው ሰው ብዙም አይለውጥም። በትክክለኛ ሐሳብ ሁሉንም በአንድ አፍ ያናግራል። ስለ እኩልነት የሚሟገተው ሰው ሌላውን ሰው ለመስማት አንደበቱን ዝቅ ማድረግ ያልቻለ ሰው ነው።

ይህ አደፍርስን ማዋረድ አይደለም። የሚለው ነገር ብዙው እውነት ነው፤ የባለርስቱ ሥርዓት ግፍ እንደነበረ ደራሲውም ያውቃል። ስሙም ከቆየው «ሳይደፈርስ አይጠራም» ከሚለው ተረት ጋር ይጫወታል፤ አንድ ሰው ማደፍረስ አለበት። ዳኛቸው ግን በፖለቲካ ክርክር ሊባል የማይችል ነገር በዘዬ ተናገረ። በሐሳቡ ያሸነፈ ሰው በጆሮው ሊሸነፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት በከተማ አማርኛ የተጻፈ መፈክር ይዞ ወደ ገጠር የዘመተውን ትውልድ ላየ ሰው ይህ መጽሐፍ ከዘመኑ ቀድሞ እንደነበር አያከራክርም።

የመጽሐፉን ድካም መደበቅም አያስፈልግም። ዳኛቸው የቋንቋ ሰው ነበር፤ ስለ ጽሑፍ ጥበብም መጽሐፍ ጽፏል። አንዳንድ ገጽ ላይ ቃሉ ከሰውየው ይቀድማል። ገጸ ባሕርይው ሐዘኑን ሊናገር አፉን የከፈተ ሳይሆን፣ ሊጠፋ የተቃረበ ቃል እንዲመዘገብለት የተነሣ ይመስላል። በዚህ ረገድ ሐዲስ ይሻላሉ፤ የሐዲስን ዘዬ አንባቢው ሳያየው ያልፍበታል፣ የዳኛቸውን ግን እንደ ዳገት ይወጣዋል። ነገር ግን ሐዲስ ያልተጋፈጡትን ዳኛቸው ተጋፍጧል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሁሉም የሚናገሩት አንድ አማርኛ ስለሆነ አንባቢው የውጭ ሰው አይደረግም። በ«አደፍርስ» ግን የከተማው አንባቢ ራሱ እንግዳ ሆኖ ይገባል፤ አርማንያ ደርሶ ቋንቋው ግማሽ በግማሽ የሚያመልጠው እሱ ነው። ያ ምቾት ማጣት የመጽሐፉ ትምህርት ነው።

የዳኛቸው ቀጣይ እርምጃ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሃይነማን «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የተባለውን ልብ ወለዱን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ አሳተመለት፤ ይህን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይወጣሉ። ታሪኩ የትውልድ ግጭት ነው፤ አባትና ልጅ፣ አሮጌውና አዲሱ። በአማርኛ ቢሆን ይህ ግጭት በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ይሰማ ነበር፤ ልጁ አባቱን በአክብሮት ያናግራል፣ አክብሮቱ ከልብ ይሁን ከወግ አንባቢው በጆሮው ይመዝናል። በእንግሊዝኛው «ዩ» ብቻ አለ። ለፊታውራሪውም «ዩ»፣ ለአሽከሩም «ዩ»። ደራሲው ያንን ክፍተት በሌላ ነገር፣ በመልክዓ ምድር፣ በሰውነት ሽታና በዝምታ መሙላት ነበረበት። የሰሜን ሸዋን አፍ በዚያ ሁሉ ትጋት የጻፈው ሰው አንደበት የሌለበት ቤት ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ማየት፣ ዘዬ ምን ያህል እንደሚሸከም ከማንኛውም ጥናት በላይ ያሳያል።

ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚያ የተወለደ ልጅ አማርኛን ከእናቱ አፍ ይማራል፤ እናቱ «አንተ» ስለምትለው እሱም ሽማግሌውን «አንተ» ይላል። ሽማግሌው ይሥቃሉ፤ ወይም ትንሽ ከፋ ይላቸዋል። ልጁ ግን ንቆ አልተናገረም። በእንግሊዝኛው ልማድ ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠራ እንጂ። አደፍርስ በሐሳቡ ያደረገውን ልጁ በየዋህነቱ ያደርገዋል። ልጁን «እርስዎ በል» ብሎ ማረም ሥርዓት ማስተማር ነው፤ ግን የቃሉን ጉልበት አያስተምረውም። ጉልበቱ የሚታየው አንድ ሰው «እርስዎ» ማለት ሲገባው «አንተ» ሲል፣ ወይም «አንተ» ሊል ሲችል «አንቱ» ብሎ ሲያከብር ምን እንደሚሆን በታሪክ ውስጥ ሲገኝ ነው። ይህን የሚያስተምረው ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ልብ ወለድ ነው።

ከዚህም የከበደ ምክንያት አለ። በማቴዎስ ወንጌል ጴጥሮስ በካህናቱ አለቃ ግቢ ሆኖ ጌታውን ሲክድ ያጋለጠው አነጋገሩ ነበር፤ የገሊላ ሰው መሆኑ በአፉ ታወቀበት። ያን ታሪክ የሚያውቅ ሕዝብ አነጋገር መታወቂያ መሆኑን ከማንም አይማርም። ባለፉት ዓመታት በአገር ቤት አነጋገር ለጥርጣሬና ለፍርሃት መነሻ የሆነበትን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ያስታውሳል፤ በስደት አገርም «የየት አገር ልጅ ነህ?» የሚለው የቡና ላይ ጥያቄ አንዳንዴ እንደ ድሮው ቀልሎ አይመጣም። ሰውን በአነጋገሩ መድቦ መጨረስ ቀላል ነው፤ ዘበኛም ኬላ ጠባቂም ይችለዋል። በጓሮው ግቢ የነበሩት ሰዎችም ጴጥሮስ የገሊላ ሰው መሆኑን በትክክል አውቀዋል። ወንጌሉ የሚተርክልን ግን ያላወቁትን ነው፤ ፍርሃቱን፣ ዶሮ ሲጮህ የሚሆነውን፣ ልቅሶውን።

የልብ ወለድ ጆሮ ከኬላው ጆሮ የሚለየው በዚህ ነው። «ጎጃሜ ነው» ብሎ ለሚያቆም ሰው ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ አንድ ናቸው። «ሸዋዬ ናት» ብሎ ለሚያቆም ሰው ወይዘሮ አሰጋሽም የእሳቸው ጭሰኛ ሚስትም አንድ ናቸው። ሐዲስና ዳኛቸው ግን አንባቢውን ከዚያ ከመጀመሪያው ምደባ አሳልፈው ያስኬዱታል፤ ይህ ሰው አሁን ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው፣ ለምን ድምፁ ተለወጠ፣ ለምን አልተለወጠም እያለ እንዲጠይቅ ያስገድዱታል። እንዲህ መጠየቅ የለመደ ጆሮ ከመጽሐፉ ወጥቶ ቡና ቤት ሲቀመጥም ጥያቄውን ይዞት ይወጣል።

«አደፍርስ» ለብቻ ሆኖ በዓይን ለሚያነበው ሰው ዛሬም ይከብዳል። መፍትሔው ግን ፌርፋክስ ላይ በእጅ ያለ ነው። ከደብረ ሲና፣ ከመንዝ፣ ከይፋት የመጡ እናቶችና አባቶች በዚያ ጎዳና ይመላለሳሉ። የወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር አንድ ገጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው ቢጠየቁ፣ ፊደል ያልያዘውን ዜማ እነሱ ይጨምሩበታል፤ መዝገበ ቃላት የማይገኝለት ቃል ሲመጣ ትርጉሙን በአንድ ትዝታ ያስረዱታል። እዚያው የተወለደው ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይስማ። መጀመሪያ ይሥቅ ይሆናል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «አሁን ለምንድነው በእርስዎ ያናገረችው? ቅድም አንተ ብላው አልነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ልጅ አማርኛ ማንበብ ጀምሯል።